ክርን ላይ ያልተያዘው ልጓም

በሆሞሻና በኩርሙክ መካከል በሚመላለሱት ነጋዴዎች ዘንድ ኻሚስን የማያውቅ አልነበረም። በሱዳን በኩል የደርቡሾች ዘመን አልፎ መንገዱ እንደገና ሲከፈት፣ ቡናና ሰም ወደ ቆላ መውረድ፣ ጨውና ጣቃ ወደ ደጋ መውጣት ሲጀምር፣ እሱ ገና ጢሙ በቅጡ ያልበቀለ ጎረምሳ ነበር። አባቱ ወንዝ ዳር አሸዋ እያጠቡ ወርቅ የሚለቅሙ ሰው ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ እንዳጎነበሱ ኖረው እንዳጎነበሱ ሞቱ። ኻሚስ ይህን አየና፣ "እኔስ ቀና ብዬ ነው የምኖረው" አለ። ቀና ማለቱንም በበቅሎ ጀርባ ላይ አገኘው።

የአሶሳው ነጋዴ ሐጂ ዐብዱልቃድር በመጀመሪያ ጫኝ አድርገው ቀጠሩት። ብዙም ሳይቆይ የሲራራቸው መሪ ሆነ፤ ከፊት ባለችው በቅሎ ላይ ተቀምጦ የተጫኑትን ከኋላው እያስከተለ ይሄድ ጀመር። ይህን ያህል ቶሎ ከፍ ያደረገው ደግሞ አንድ ችሎታው ነው። በቅሎ ማስቆም ያውቃል። ማንም ሰው በቅሎ ይነዳል፤ በቁልቁለት ላይ እየተንደረደረች ያለችን በቅሎ በአንድ የልጓም ሳብታና በከንፈሩ ድምፅ ብቻ ቀጥ የሚያደርግ ግን ከእሱ በቀር አልተገኘም። ገበያ ሲውሉ ጓደኞቹ መሬት ላይ ቅል ያስቀምጡለታል። እሱ በቅሎዋን ወደ ቅሉ ያስጋልባትና ኮቴዋ ሊያርፍበት ሲል ያቆማታል። ሰው ይስቃል፣ ያጨበጭባል። ኻሚስም ቅሉን አንስቶ ከውስጡ ውኃ ይጠጣል።

ያ መንገድ በቀርከሃው ጫካ ውስጥ የሚጥመለመል ቀጭን የእግር መንገድ ነበር። ነጋዴው ብቻ አይደለም የሚሄድበት፤ ማሽላ ሊያርም የሚወርድ ገበሬ፣ ፍየል የሚነዳ፣ አህያ የሚጎትት፣ ውኃ ቀድታ የምትወጣ ሴት፣ ሁሉም የሚገናኘው በዚያችው ነው። ማን ለማን እንደሚቆም የተነገረ ሕግ አልነበረም። የነበረው ልማድ፣ የከበደው ያልፋል፣ የቀለለው ይጠጋል የሚል ነው። ኻሚስም ከሩቅ "መንገድ! መንገድ ልቀቁ!" ብሎ ይጮኻል። ሰዎቹ ሸክማቸውን ይዘው ወደ ሣሩ ሲዘሉ፣ ግማሾቹም እሾህ ላይ ሲወድቁ፣ እሱ ቀና እንዳለ ያልፋል። ክፉ ሰው አልነበረም። ገበያ ላይ ቢያገኛቸው ያቅፋቸዋል፣ ልጆቻቸውን በስም እየጠራ ደኅንነታቸውን ይጠይቃል። በቅሎዋ ላይ ሲወጣ ግን ሰዎቹ ያጥሩበታል።

ከሆሞሻ ወደ ኩርሙክ ሲወረድ መንገዱ ድንገት የሚታጠፍበት ቦታ አለ፤ ክርን ይሉታል። በአንድ በኩል ጥቁር አለት ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ በሌላው በኩል ገደል ነው፤ ጥልቅ ባይሆንም ድንጋያማ ነው። ከክርን ሥር ምንጭ አለ። ከክርን በላይ ደግሞ ጁምዓ የሚባል ገበሬ ከሚስቱ ከብኸይታ ጋር የሚኖርባት መንደር ነበረች። ብኸይታ በየቀኑ ከዚያ ምንጭ ትቀዳለች። እንደ አገሯ ሴቶች ሁሉ ረጅም ዘንግ በትከሻዋ ላይ አጋድማ፣ በሁለቱ ጫፍ የውኃ ቅሎችን አንጠልጥላ ትወጣለች። እንዲህ የተሸከመች ሴት መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ትሞላዋለች። የሚመጣባትን ለማሳለፍ መቆም፣ ቅሎቹን ማረጋጋት፣ ከዚያም ዘንጉን ወደ መንገዱ ርዝመት ማዞር አለባት። ለዚህ ደግሞ ጊዜ ያስፈልጋታል።

ዝናቡ ባቆመ ሰሞን አንድ ቀን ኻሚስ ሲራራውን ይዞ ወደ ኩርሙክ ይወርድ ነበር። ቡናውን የሚገዙት የሱዳን ግመለኞች ኩርሙክ ገብተዋል፣ ሊጭኑና ሊመለሱም ነው የሚል ወሬ ስለመጣ ሐጂ፣ "ቀድሞ የደረሰ ነው የሚሸጠው፤ ፍጠን" ብለውታል። እሱም ከማለዳ ጀምሮ አላሳረፋቸውም። ከኋላው ሁለተኛዋን በቅሎ ይዞ የሚከተለው ሙርሳል የሚባል ነጂ ነበር። ክርን ጋ ሲደርሱ ብኸይታ ከታች ብቅ አለች።

"ኻሚስ! ሰው እየወጣ ነው፤ ያዝ!" ብሎ ሙርሳል ጮኸ።

"እሷ ትጠጋ! ሸክም ቁልቁለት ላይ አይቆምም!" አለ ኻሚስ ዞር ሳይል።

ዓይን ለዓይን ተያዩ። ብኸይታ ቆመች፤ እጇን ወደ ዘንጉ ሰደደች፤ ማዞር ጀመረች። አንድ ትንፋሽ ቢሰጣት ይበቃት ነበር። ኻሚስ ልጓሙን በእጁ እንደያዘ አልሳበውም። የበቅሎዋ ጭነት የዘንጉን ጫፍ ገጨው፤ ዘንጉ እንደ በር ዞረ፤ ብኸይታንም ከነቅሎቿ አዙሮ ወደ ገደሉ ወረወራት።

የቅል ስብራት ሰማ። ጩኸትም ሰማ። ግን መታጠፊያው ላይ ቢቆም የኋለኞቹ ይደራረባሉ ብሎ ለራሱ ነገረና ሜዳው ድረስ ወረደ። በእግሩ ሲመለስ ሙርሳልና ከማሽላው ውስጥ ሮጦ የመጣው ጁምዓ ከድንጋዮቹ መካከል እያነሷት ነበር። ጭኗ ከዳሌዋ ሥር ያለ ወጉ ተጣምሟል። ከቀርከሃ ቃሬዛ ሠርተው አወጧት። ኻሚስም አንዱን ጫፍ ተሸከመ። ጁምዓ ላቡን እየጠረገ፣ "አላህ ይስጥህ ወንድሜ" አለው። ምን እንደሆነ ገና አልጠየቀም ነበር።

*

ጉዳዩ በሽማግሌ ታየ። የመንደሩ ሽማግሌ ሻዕባን በመንደሩ መካከል ካለው የሮቃ ዛፍ ሥር ተቀምጠው፣ በአንድ ወገን የጁምዓን ዘመዶች፣ በሌላው ወገን ኻሚስንና ሐጂ ዐብዱልቃድርን አስቀመጡ። ብኸይታ ወጌሻ አሽቷትና በሸመል አስሯት ጎጆዋ ውስጥ ስለተኛች አልመጣችም።

"ልጄ ኻሚስ፣ አየሃት?" አሉት ሻዕባን።

ኻሚስ መልሱን በመንገድ ሲያሰላስለው ነበር የመጣው። "ክርን ዓይን ይከልላል፣ አባቴ። ሳያት በቅሎዋ ደርሳባት ነበር። ቁልቁለት ላይ ደግሞ የተጫነ እንስሳ አይያዝም።"

ሻዕባን ወደ ሙርሳል ዞሩ። ሙርሳል የሐጂን ፊት አየና መሬቱን በጣቱ እየጫረ፣ "እኔ ከኋላ ነበርኩ" አለ።

ሽማግሌው በረጅሙ ተነፈሱ። "እንግዲያው ነገሩ የእንስሳና የመንገድ ነው። ሰው በሰው ላይ ያደረገው አይደለም።" ሐጂ ፍየሎችና ማሽላ ሰጡ፤ ለዕርቁም ፋቲሓ ተቀራ። ጁምዓ ተነሥቶ የኻሚስን እጅ በሁለት እጁ ያዘና፣ "አንተም ደንግጠሃል፤ ፊትህ ከስቷል፤ አላህ ያጽናህ" አለው። ኻሚስ በሕይወቱ ብዙ ሰው ሰድቦታል፣ አንድ ጊዜም በዱላ ተመትቷል። እንደዚያ ቃል ያቆሰለው ግን የለም።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ በቅል ማር ይዞ ሊጠይቃት ሄደ። ጁምዓ ማሳ ላይ ነበር። የጁምዓ እናት ደጅ ማሽላ እየወቀጡ፣ "ግባ ልጄ፣ አልተኛችም" አሉት። ብኸይታ መደብ ላይ በጀርባዋ ተዘርግታ ጣራውን ታያለች። ሰላምታውን እስኪጨርስ ጠበቀችው።

"አየኸኝ" አለች በዝቅታ።

የሙቀጫው ድምፅ ከውጭ ይሰማል። 

"ዓይኔን አየኸው። እጄን ወደ ዘንጉ ስሰድ አየኸኝ። እኔም ልጓሙን አየሁት፤ ልል ነበር።"

"ብኸይታ፣ እህቴ…"

"እህቴ አትበለኝ። ለማንም አልተናገርኩም። የጁምዓ ጦር ከጣራው ሥር እንደተሰካ ነው፤ ይኸው ይታይሃል። ብናገር እሱ አንተን ይገድላል፣ ያንተ ወንድሞች እሱን ይገድላሉ፣ እኔም አንካሳነቴ ሳይበቃ መበለት እሆናለሁ። ዝም ያልኩት ለአንተ ብዬ አይደለም።"

"ምን ላድርግልሽ?"

"ማሩን ይዘህ ሂድ። እኔ ስበላው አንተን ቅልል ይልሃል። እንዲቀልህ አልፈልግም።"

ማሩን ይዞ ወጣ። የጁምዓ እናት "ምነው መለስከው?" ቢሉት፣ "ወጌሻው ከልክሏታል" አላቸው። በሽማግሌው ፊት በተናገራቸው ሁለት ውሸቶች ላይ ሦስተኛውን ጨመረበት።

*

ብኸይታ ተነሣች፤ ግን እንደ ድሮዋ አልተነሣችም። አንዱ እግሯ አጥሮ በምርኩዝ የምትሄድ ሆነች። ቤት ውስጥ የምትችለውን ትሠራለች፤ ክርንን ወርዳ ውኃ መቅዳት ግን ቀረ። አማቷ አርጅተዋል፤ ሌላ ሴት በቤቱ የለችም። ስለዚህ ጁምዓ ራሱ ወረደ።

ኻሚስ መጀመሪያ ያየው ቀን ሲራራውን እየመራ ከኩርሙክ ጨው ጭኖ ሲመለስ ነው። ከፊቱ አንድ ሰው የሴት ዘንግ በትከሻው አጋድሞ፣ ቅሎቹ እየተወዛወዙበት፣ ደረጃ እንደሚወጣ ሕፃን እግሩን እየፈለገ ይወጣል። የአገሩ ሕዝብ በርታ ነው፤ የበርታ ወንድ በዚያ ዘንግ አይሸከምም። ምንጩ ጋ የነበሩት ሴቶች ያፌዙበት ነበር። ሰውየው የበቅሎ ኮቴ ሲሰማ ደንግጦ ወደ ገደሉ ጫፍ ተጠጋ፣ ዘንጉን ለማዞር ታገለ፣ ውኃውም በእግሩ ላይ ፈሰሰ። ጁምዓ ነበር።

"እለፍ፣ እለፍ ኻሚስ" አለው ፈገግ ብሎ። "ሸክም ይዘሃል። እኔ እቆማለሁ።"

ኻሚስ ልጓሙን ሳበ። በቅሎዋ ቀጥ አለች። ከኋላው ያሉት ሁሉ ተደራርበው ቆሙ፤ ሙርሳልም "ምን ሆነ?" እያለ ጮኸ። ኻሚስ ከበቅሎዋ ወረደና፣ "አንተ እለፍ" አለ። ጁምዓ ለምን እንደሆነ ባይገባውም አመሰገነና የሚያነክስ በሚመስል እርምጃ ወደ ላይ ሄደ። በቅሎዋ በቀላሉ ቆማለች። አቀበትም ቢሆን ቁልቁለትም ቢሆን ትቆማለች። ኻሚስ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል፤ እንደዚያ ቀን ግን አውቆት አያውቅም።

ከዚያ በኋላ በጉዞ በቅሎ ላይ መቀመጥ ተወ። ከፊት በእግሩ እየሄደ ልጓም ይስባል። ከመታጠፊያ በፊት ብቻውን ቀድሞ ሄዶ ያያል፣ ሰው ካለ ሲራራውን ያቆማል፣ ሴቶቹ ዘንጋቸውን አዙረው እስኪያልፉ ይጠብቃል። ነጂዎቹ መጀመሪያ ሳቁ፤ በኋላ ተናደዱ። ቤትም ሰላም የለውም። ሚስቱ ኡምኩልሱም አንድ ጠዋት ገንፎውን ሳይነካ ሲያስቀምጠው፣ "በእንቅልፍህ 'ያዝ! ያዝ!' እያልክ ትጮኻለህ። ማንን ነው?" አለችው።

"በቅሎዋን ነው።"

"በቅሎዋማ ውጭ ታስራለች" አለች ኡምኩልሱም። ከዚያ በላይ አልጠየቀችውም፤ እሱም አልነገራትም።

በመጨረሻ ሲራራው ኩርሙክ ሲገባ ግመለኞቹ ሄደው ተገኙ። ሐጂ ዐብዱልቃድር ኻሚስን አስጠሩት። "በየመታጠፊያው እየቆምክ ለፍየል ሁሉ መንገድ ትለቃለህ አሉኝ።"

"ሰው ይተላለፍበታል፣ ሐጂ።"

"እኔ በቅሎ ነጂ ቀጠርኩ እንጂ ፈቂ አልቀጠርኩም። ስብከቱን መስጊድ ጋ ሂድና ስበክ።" መሪነቱን ለሙርሳል ሰጡት። ለኻሚስ ለአገልግሎቱ ይሁን ብለው አንዲት ያረጀች በቅሎ ለቀቁለት። እሱም በዚያች በቅሎ ለመንደር ሰው እህል እያመላለሰ መኖር ጀመረ።

*

ጁምዓ ወደ ኻሚስ ቤት የመጣው በበጋው አጋማሽ ነው። የብኸይታ እናት ኩርሙክ ውስጥ አርፈው ነበር።

"ብኸይታ ካልሄድኩ ሞቼ እገኛለሁ ብላለች" አለ። "በእግሯ አትደርስም። ያንተ በቅሎ ቀስ ብላ ነው የምትሄደው፤ አንተም ሰው አክባሪ ነህ። ከአንተ ሌላ የምለምነው የለኝም።"

ኻሚስ እምቢ የሚልበት አፍ አልነበረውም። ብኸይታ በቅሎዋ ላይ ስትወጣ አላየችውም፤ ዓይኗን በበቅሎዋ ጆሮ ላይ ተክላ ተቀመጠች። እሱ ልጓም ይዞ ከፊት፣ ጁምዓ ጦሩን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው ሚስቱን ከጎን እየደገፈ ወረዱ። ጥቂት ከሄዱ በኋላ ብኸይታ ለማንም ሳይሆን ለራሷ፣ "ከዚህ ላይ ሲታይ ሰው ትንሽ ነው ለካ" አለች። ኻሚስ ሰማት። ዞር አላለም።

ክርን ላይ እንደደረሱ ከኋላቸው ኮቴ ተሰማ። "መንገድ! መንገድ ልቀቁ!" የሐጂ ሲራራ ነው፤ ሙርሳል ከፊት በቅሎ ላይ ተቀምጦ፣ ወደ ኩርሙክ እየተጣደፈ ቁልቁለቱን ይንደረደራል። ለማለፍ የሚበቃ ቦታ አልነበረም። ኻሚስ ልጓሙን በጁምዓ እጅ ላይ ወረወረና ወደ ኋላ ሮጠ። በመታጠፊያው መካከል እጆቹን ዘርግቶ ቆመ።

"ያዝ!" አለ።

"ዞር በል! አይቆምም!" ሙርሳል አለንጋውን አነሣ።

"ይቆማል! ሳበው!"

አለንጋው ፊቱ ላይ አረፈ። ኻሚስ ግን ዘልሎ የበቅሎዋን መንጋጋ አቀፈና በከንፈሩ ድምፅ አሰማት። በቅሎዋ እየተንሸራተተች ደረቱ ላይ ቆመች። የተከተሉት በቅሎዎች ተጋጭተው ቆሙ፤ አንዱ ጭነትም መሬት ወደቀ። 

"ዛሬ የመንገድ አስተማሪ ሆንክ?" ብሎ ሙርሳል ጮኸ። "ያን ቀን ይህቺው ቦታ ላይ 'ሰው አለ፣ ያዝ' ብዬ ስለምንህ 'እሷ ትጠጋ' ያልከኝ አንተ አይደለህም? ያኔስ እጅህ ተሰብሮ ነበር? ገበያ ላይ ቅል ፊት በቅሎ የሚያቆመው ማን ነበር?"

ይህን ብሎ ቀና ሲል ከፊት በቅሎዋ ላይ የተቀመጠችውን አየ። አለንጋውን ዝቅ አደረገ።

 ጁምዓ መጀመሪያ ኻሚስን አየ፣ ከዚያ ወደ ሚስቱ ቀና አለ። "ምንድን ነው የሚለው?"

"የሰማኸውን ነው" አለች ብኸይታ።

"ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

ጁምዓ ጦሩን የያዘበት እጅ ሲጠብቅ ኻሚስ አየው። አልሸሸም፤ ቢሸሽም የት ይገባል? ከፊቱ የሚጎርፈው ደም ጢሙ ላይ ወርዶ ነበር። እንዲያውም በዚያች ቅጽበት አንዳች ነገር ከትከሻው የወረደ መሰለው፤ ስለመሰለውም አፈረ።

"ጁምዓ" አለች ብኸይታ፤ ድምፅዋ አልተለወጠም። "እናቴ ገና አልተለቀሰላትም።"

 ጁምዓ ጦሩን ወደ ግራ እጁ አዛወረ፣ ልጓሙን ጠበቅ አድርጎ ያዘ፣ ለኻሚስም ፊቱን ሳያዞር፣ "ከኋላ ሁን" አለው። በቅሎ ስቦ የማያውቀው ገበሬ ሚስቱን እየመራ ቁልቁለቱን ጀመረ። ኻሚስ ከኋላቸው፣ የሙርሳልም ሲራራ ከኻሚስ ኋላ፣ ሜዳው እስኪደርሱ ድረስ በሰው እግር ልክ ወረዱ። "መንገድ" ያለ የለም።

ኩርሙክ ላይ ኻሚስ ከለቅሶው ቤት ውጭ፣ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ተቀመጠ። ብኸይታ ስታለቅስ ድምፅዋን ከሌሎቹ ለይቶ ያውቀው ነበር። ክርን ላይ ሰምቶታልና።

*

ከለቅሶ መልስ ሻዕባን ሁሉንም እንደገና ሮቃው ሥር ሰበሰቡ። የጁምዓ ታላቅ ወንድም ሐምዳን ጦሩን ፊቱ ተክሎ ተቀመጠ። በዚህኛው ብኸይታም መጣች፤ ምርኩዟን ጭኗ ላይ አጋድማ ከሴቶቹ ጋር ሆነች።

"ባለፈው የጠየቅኩህን ዛሬ ደግሜ እጠይቅሃለሁ" አሉ ሻዕባን። "አየሃት?"

"አየኋት።"

"ማቆም ትችል ነበር?"

"እችል ነበር።"

"ታዲያ ለምን አላቆምክም?"

ኻሚስ ስለ ግመለኞቹ ሊናገር አሰበ። ስለ ሐጂ ጥድፊያም አሰበ። ሁለቱም እውነት ነበሩ። ነገር ግን ሲናገር የራሱ ጆሮ የሰማው ሌላ ነው። "እሷ በእግር ነበረች፣ አባቴ። እኔ በበቅሎ ነበርኩ።"

ሐምዳን ተነሥቶ፣ "ይህ ደም ነው!" አለ። ሌሎችም አጉረመረሙ። ሻዕባን እጃቸውን አነሡና ወደ ጁምዓ ዞሩ። ጁምዓ፣ "እሷን ጠይቁ። ከእኔም ቀድማ የምታውቀው እሷ ናት" አለ። ይህን ሲል በድምፁ ውስጥ ለሚስቱም የቀረ ቅያሜ ነበር።

ብኸይታ ከተቀመጠችበት አልተነሣችም። "ደም አልፈልግም፤ ፍየልም አልፈልግም" አለች። "ክርን ይስፋ። እሱ በገዛ እጁ ያስፋው። ሌላዋ ሴት ዘንጓን የምታዞርበት ቦታ ታግኝ።"

እንዲሁ ተፈረደ። ሻዕባንም በላዩ ጨመሩበት፤ ከዚያ ወዲህ በዚያ መንገድ ላይ ወራጅ ለወጪ እንዲቆም፣ ጭነትም ለሰው እንዲቆም በሆሞሻና በኩርሙክ ገበያ ይለፈፍ አሉ። ሙርሳልን ደግሞ፣ "አንተም አይተህ ዝም ብለሃል፤ የሚነደውን እንጨት አንተ ትሸከማለህ" አሉት።

አለት በእጅ አይፈርስም። ኻሚስ በአለቱ ላይ እንጨት ከምሮ ያነድዳል፤ ድንጋዩ ሲግል ቀዝቃዛ ውኃ ይደፋበታል፤ ጧ ብሎ ሲሰነጠቅ በመዶሻ ይነቅለዋል። እጁ ተላጠ፣ ቅንድቡ ተለበለበ። ውኃው ከምንጩ በብዙ ድካም ነው የሚመጣው። ከምንጩ የሚወጡት ሴቶች አንዳንዶቹ ከቅላቸው ጥቂት ይደፉለታል፤ አንዳንዶቹ ሳያዩት ያልፋሉ። ጁምዓ በየቀኑ ዘንጉን ተሸክሞ ያልፍ ነበር። አሁን ተክኖበታል፤ ቅሎቹ አይወዛወዙም። በኻሚስ አጠገብ ሲያልፍ አንዲት ጠብታ አልፈሰሰችም፤ ሰላምታም አልነበረም። ኻሚስ መዶሻውን አስቀምጦ እስኪያልፍ ይቆማል። ጁምዓ ከዓይኑ ሲሰወር መዶሻውን ያነሣል።

ሥራው በጋ አልፎ፣ ክረምት አቋርጦት፣ በሌላ በጋ አለቀ። ክርን ላይ የተጫነች በቅሎና ዘንግ ያጋደመች ሴት ሳይነካኩ የሚተላለፉበት ቦታ ተገኘ። ከአለቱ ሥር ለሚቆም ሰው መቀመጫ የሚሆን እርከንም ቀረ።

ኻሚስ የፈራው ነገር ከዚያ በኋላ መጣ። ታሪኩን የማያውቁ የሩቅ መንገደኞች፣ "ይህን የሠራ ደግ ሰው ማን ነው?" ብለው ይጠይቃሉ። ስሙን ሲሰሙ ቤቱ ድረስ ሄደው ይመርቁታል፤ ወላጆቹ ጀነት እንዲገቡ ይለምኑለታል። መጀመሪያ ላይ፣ "እኔ ደግ ሰው አይደለሁም፤ አንዲት ሴት እያየሁ ገደል የጣልኩ ነኝ" እያለ ይነግራቸው ነበር። አንድ የሱዳን ነጋዴ ይህን ሰምቶ ከልቡ ሳቀ። "ሱብሓነላህ! ትሕትናውን ተመልከቱት!" አለ ለጓደኞቹ። ምርቃቱንም እንደገና ጀመረለት። ኻሚስ ከዚያ ወዲህ ለመንገደኛ መናገር ተወ። ምርቃት በመጣ ቁጥር ራሱን አቀርቅሮ ይቀበላል። ኡምኩልሱም ያን ጊዜ ፊቱን ስለምታውቀው እንግዳውን ውኃ አጠጥታ ቶሎ ትሸኘዋለች።

ብኸይታ ኖረች። ዝናብ ሊጥል ሲል ዳሌዋ አስቀድሞ ስለሚነግራት መንደሩ ሁሉ ማሽላውን ከማስጣቱ በፊት እሷን ይጠይቅ ነበር። ከኻሚስ ጋር ሲገናኙ ሰላም ትለዋለች፤ ስለ ልጆቹ ትጠይቀዋለች። "ይቅር ብዬሃለሁ" ብላው አታውቅም፤ እሱም ጠይቋት አያውቅም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለገበያ ሲያደርሳት ከበቅሎዋ ላይ ሆና፣ "አሁንም ልጓሙ ልል ሆኖ ነው የሚታየኝ፤ ምን ላድርግ" አለችው። እሱም፣ "እኔንም" አላት።

ጁምዓ ግን ዓመታት አለፉ እንጂ ለኻሚስ ቃል አልተነፈሰም። መስጊድ በአንድ ሰልፍ ይሰግዳሉ፤ ሲወጡ በተለያየ በር የወጡ ይመስል ይለያያሉ። ኻሚስ ጠጉሩ ሸብቶ፣ በቅሎዋንም ትቶ፣ በምርኩዝ መሄድ ከጀመረ በኋላ፣ አንድ የዐርብ ቀን ከሶላት በፊት በዚያው መንገድ ሲወርድ ጁምዓ በአህያ እህል ጭኖ ሲወጣ ተገናኙ። ኻሚስ እንደ ልማዱ ወደ ዳር ተጠግቶ ቆመ። ጁምዓ አህያውን ያዘ፤ እሱም ቆመ። ሁለቱም አንዱ እስኪያልፍ ይጠብቁ ጀመር።

"አሰላሙ ዐለይኩም" አለ ጁምዓ በመጨረሻ፣ ዓይኑ አህያው ጆሮ ላይ እንዳለ።

ኻሚስ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ቃሉ እስኪመጣለት ድረስ ጁምዓ አህያውን ነክቶ አልፎት ሄዷል።